23 ኪሎና 7 ሺህ ማይል

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ጉዞ የማይለየው ክፍለ ከተማ ነው። አንድ ጥጉ ላይ «ኦልድ ኤርፖርት» የሚባል ሰፈር አለ፤ ትኬት ይዞ ወደዚያ የሚሄድ መንገደኛ ግን ከጠፋ ስድሳ ዓመት አልፎታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ መብረር ሲጀምር ቦሌ ገና አልነበረም። ጄት ሲመጣ የልደታው፣ ማለትም የዛሬው ኦልድ ኤርፖርት፣ ማኮብኮቢያ አጠረና መንገደኛው ሁሉ ወደ ቦሌ ተዛወረ፤ ስሙ ግን እዚሁ ቀረ። በሌላ በኩል ከለቡ ወዲያ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር መነሻ ጣቢያ አለ። በመሃል ደግሞ የቦሌ አውሮፕላን በሳሪስና በጎፋ አናት ላይ እያጓራ ያልፋል። ከሥር ያለው ሕዝብ ቀና ብሎ የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ነው።

ይህ ሕዝብ የአየር መንገድ ማይል ያጠራቅማል ቢባል ማን ያምናል? ያጠራቅማል። አንዳንዱም ሳያውቀው።

ነገሩ በዓለም ላይ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በሜይ 1981 አሜሪካን ኤርላይንስ «አድቫንቴጅ» የተባለውን ፕሮግራም ሲጀምር ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ደንበኛው ሌላ ቤት እንዳይሄድ በበረረው ርቀት ልክ ነጥብ ይቆጠርለት፣ ነጥቡ ሲሞላ ትኬት ይሰጠው። ዩናይትድ ቀናት ሳይቆይ ተከተለ፤ ቀስ በቀስ ሌላውም ገባበት። የእኛው አየር መንገድ የራሱን «ሼባ ማይልስ» አለው። አባል መሆን በነጻ ነው፤ ከብሉ ይጀመርና ወደ ሲልቨር፣ ጎልድና ፕላቲነም ይወጣል። አየር መንገዱ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ኅብረት ውስጥ ከገባ ወዲህ ደግሞ በሉፍታንዛ፣ በተርኪሽ፣ በኢጂፕት ኤር ወይም በዩናይትድ የበረረ ሰው ማይሉን እዚያው ሼባ ማይልስ ላይ ማስቆጠር ይችላል። በኤምሬትስ ወይም በኳታር በርሮ መጥቶ «የኔ ማይልስ?» ብሎ ቦሌ ካውንተር ላይ መከራከር ግን ትርፉ ድካም ነው። እነሱ ሌላ ቤት ናቸው።

በዚህ ክፍለ ከተማ ማይል ከሚሰበስቡት ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰዎች ጎልተው ይታያሉ፤ እናቶች፣ የዱባይ ነጋዴዎችና ወርክሾፕ የሚሄዱ የቢሮ ሰዎች። ከሦስቱ ግንባር ቀደሞቹ እናቶች ናቸው።

ቨርጂኒያ ያለች ልጅ ስትወልድ ጀሞ ያለች እናት ልታርሳት ትሄዳለች። ትኬቱን የምትገዛው ልጅ ናት፤ የምትበረው እናት ናት፤ ማይሉም የሚገባው ለበራሪዋ እንጂ ለከፋይዋ አይደለም። አንድ ሳንቲም ሳያወጡ ማይል ማግኘት ከተባለ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ችግሩ እናት ስለ ማይል የምታስብበት ጊዜ የላትም። ሐሳቧ ያለው ኪሎው ላይ ነው።

የጉዞው ዋዜማ ላይ የኮንዶሚኒየሙን ሳሎን ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ሁለት ሻንጣ ምንጣፉ ላይ ተበርግዷል። ሶፋው ላይ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ የአጥሚት እህል፣ አብሽ፣ ቆሎና ድርቆሽ በየላስቲኩ ታስሮ ተደርድሯል። ወንድ ልጅ የእጅ ሚዛኑን ሻንጣው ማንጠልጠያ ላይ ይሰካና ትንፋሹን ይዞ ያነሳል። «ሃያ አራት ተኩል!» የተፈቀደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። ከአንዱ ሻንጣ ብቻ አንድ ኪሎ ተኩል መውጣት አለበት። ሽሮው አይነካም። በርበሬውማ የማይታሰብ ነው። በመጨረሻ የሚወጣው የእናትየዋ የራሷ ሹራብ ነው፤ የምትሄደው በጥር መሆኑን የሚያስታውሳት የለም።

ሻንጣው ተዘግቶ በስኮች ከተጠቀለለ በኋላ በሩ ይንኳኳል። ጎረቤት ናት።

«እትዬ፣ እኅቴ ሜሪላንድ ናት አይደል፤ ይቺን ብቻ ያድርሱልኝ። ምንም አትከብድም እኮ።»

ምንም የማትከብደው ሁለት ኪሎ ቡና ናት። ከሥሯ ቋንጣም አለ፤ የአሜሪካ ጉምሩክ ሥጋ እንደማያስገባ ተነግሯት እሱን ብቻ ይዛ ትመለሳለች፤ ቡናው ግን ይቀራል። ማታ ቨርጂኒያ ያለችው ትደውላለች።

«እማዬ፣ የሼባ ማይልስ ቁጥርሽን ይዘሻል?»

«የምን ቁጥር?»

«ባለፈው ያወጣሁልሽ።»

«የቀበሌው ነው?»

«የአየር መንገዱ! በበረርሽ ቁጥር ነጥብ ይያዝልሻል።»

«እኔ ልጅሽን ላይ እንጂ ነጥብ ላስይዝ አልመጣም። ይልቅ የዳይፐሩን ነገር ንገሪኝ።»

ነጥቡ ግን የሚናቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ዳለስ በአየር ሲለካ 7 ሺህ 200 ማይል ገደማ ነው። ሲኬድ አውሮፕላኑ ነዳጅ ለመሙላት መንገድ ላይ ያርፋል፤ ቦሌ 2 ሺህ 300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ለዚህ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ተሸክሞ መነሳት ይከብደዋል። በዚህች ዕረፍት «ደረስን?» ብላ ቀበቶዋን ያልፈታች እናት ጥቂት ናት። ደርሶ መልሱ ከ14 ሺህ ማይል ይበልጣል። ባሕር ዳር ደርሶ መልስ ግን ከ400 ማይል እምብዛም አያልፍም። በአንድ አራስ ምክንያት የተበረረውን ርቀት ለመሙላት ባሕር ዳር የሚመላለስ ሰው ሠላሳ አምስት ጊዜ ያህል ሄዶ መምጣት አለበት። እሱስ እዚያው ቤት ቢከራይ ይሻለዋል።

ርቀቱ ሁሉ ግን ነጥብ አይሆንም። ትኬቱ ላይ አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል አለች፤ ትኬቱ በምን ደረጃ እንደተገዛ የምትናገር። በውድ የተገዛው የርቀቱን ሙሉ፣ ወይም ከዚያም በላይ ያስቆጥራል። በቅናሽ የተገዛው ግማሹን፣ ሩቡን፣ አንዳንዴም ባዶ። በሩብ ደረጃ 14 ሺህ 400 ማይል የበረረች እናት እጇ ላይ የሚቀረው 3 ሺህ 600 ነው። ቅናሽ የሚፈልገው ደግሞ ኪሱ የሳሳው መንገደኛ ነው፤ ፕሮግራሙ እሱን የሚያየው በግማሽ ዓይኑ ነው። አሜሪካኖቹማ ይሉኝታውን ጨርሰው ትተውታል። ዴልታና ዩናይትድ እ.ኤ.አ. በ2015፣ አሜሪካን በ2016 ርቀት መቁጠሩን አቁመው ደንበኛው ባወጣው ዶላር ልክ ነጥብ መስጠት ጀመሩ። ስሙ ማይል ሆኖ ቀረ እንጂ የሚለካው ኪስ ነው።

ሌላው ጣጣ ስም ነው። የነጥብ አካውንቱ ላይ ያለው ስም ከትኬቱና ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። ጸሐይ የምትባል ሴት ታዲያ በመጀመሪያው ፓስፖርቷ በ«ቲ» ጀምራ፣ ሲታደስ በ«ኤስ» ትጀምራለች፤ መጨረሻው ላይ ያለው «ዋይ» አንዴ ይኖራል፣ አንዴ በ«አይ» ይተካል። ለእኛ አንዲት ጸሐይ ናት። ለኮምፒዩተሩ ሁለት ሴት ናት፣ አንደኛዋ ስትበር ሌላኛዋ ነጥብ የምትጠብቅ። የጠፋውን ማይል ከጉዞ በኋላ በትኬት ቁጥርና በቦርዲንግ ፓስ መጠየቅ ይቻላል። ቦርዲንግ ፓሱ ግን በዚያን ጊዜ ጸሎት መጽሐፉ ውስጥ ዕልባት ሆኗል፣ ወይም የበርበሬው ላስቲክ ላይ ተለጥፎ «ሚጥሚጣ» ተብሎ ተጽፎበታል።

ይህን ሁሉ ለእናቶች ለማስረዳት የሚቀለው በእቁብ ነው። ይጣላል፣ ይጠበቃል፣ አንድ ቀን ይወጣል። ነገር ግን በዚህ እቁብ ዳኛውም ጸሐፊውም አየር መንገዱ ነው። ዕጣው ምን ያህል እንደሚያወጣ የሚወስነው እሱ ነው፤ ሲፈልግ ትናንት የበቃውን ነጥብ ነገ አይበቃም ይላል። ያልተጠቀሙበት ማይል በሦስት ዓመቱ ይቃጠላል። የሳሪስ እቁብ እንዲህ ቢያደርግ ጉዳዩ ጣቢያ ይደርስ ነበር። ዕጣው ወጣ ሲባልም «ነጻ» የተባለው ትኬት ታክስና የነዳጅ ጭማሪ በጥሬ ገንዘብ ያስከፍላል። ለነጥብ የሚለቀቀው ወንበር ቁጥሩ ውስን ስለሆነ ለገና፣ ለፋሲካና ዲያስፖራው በሚጎርፍበት ክረምት ይገኛል ብሎ መተማመንም አይቻልም፤ ሰው መሄድ የሚፈልገው ደግሞ ያኔ ነው።

ይህን እቁብ ያሸነፈ ሰው የለም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ካሊፎርኒያ ውስጥ ዴቪድ ፊሊፕስ የተባለ መሐንዲስ አንድ የምግብ ድርጅት ምርቱን ለገዛ ሁሉ ማይል እንደሚሰጥ ማስታወቂያ ያያል። ከምርቶቹ መካከል ርካሹን ፈለገ፤ በ25 ሳንቲም የሚሸጥ የፑዲንግ ኩባያ አገኘ። በየሱፐርማርኬቱ እየዞረ 12 ሺህ 150 ኩባያ ገዛ። ያወጣው 3 ሺህ 140 ዶላር ነበር፤ ያገኘው ከ1 ሚሊዮን 250 ሺህ በላይ ማይል። ይህን ሁሉ ፑዲንግ ማን ይበላዋል? ለሳልቬሽን አርሚ ሰጠውና በጎ ፈቃደኞቹ በለውጡ ማይሉን ለመጠየቅ የሚያስፈልገውን የኩባያ ወረቀት ላጡለት፤ ስለ ልግስናውም ከግብሩ ላይ ቅናሽ አገኘ። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ አንድ የሆሊዉድ ፊልም ውስጥ ገብቷል። የለስላሳ ቆርኪ እየፈነቀለ ውስጡን ሲመረምር ያደገ የንፋስ ስልክ ልጅ ይህን ሰውዬ በሚገባ ይረዳዋል። ልዩነቱ ሰውዬው ከመፈንቀሉ በፊት ሒሳቡን ሠርቷል።

ሒሳብ በመሥራት ከእሱ የማያንሱት የዱባይ ነጋዴዎች ናቸው። ሳሪስ ወይም ጀሞ ቡቲክ ያላት ሴት ዱባይ የምትሄደው ቡርጅ ከሊፋን ለማየት አይደለም፤ ዴይራ ገበያ ገብታ፣ ጫማና የልጆች ልብስ ጠቅልላ ለመመለስ ነው። ዱባይ በአንድ ጉዞ 1 ሺህ 560 ማይል ገደማ ነው፤ የቻይናዋ ጓንዡ ደግሞ ወደ 5 ሺህ ይጠጋል። አየር መንገዱ ቻይና መብረር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ቢሆንም ያኔ የሚሄደው ሌላ ዓይነት ሰው ነበር፤ ዛሬ ሻንጣው ባዶ ሄዶ ሞልቶ የሚመለስ ነጋዴ ነው። ለዚች ሴት ነጻ ትኬት ሁለተኛ ነገር ነው። ዓይኗ ያለው ጎልድ ካርዱ ላይ ነው፤ የስታር አሊያንስ ጎልድ የደረሰ መንገደኛ በኪሎ በሚመዘንበት መስመር 20 ኪሎ፣ በሻንጣ በሚቆጠርበት አንድ ሻንጣ ይጨመርለታል። ላውንጁ ገብታ ቡና መጠጣቷ ምርቃት ነው፤ 20 ኪሎው ግን በየጉዞው በብር የሚቆጠር ትርፍ ነው። ትርፍ ኪሎ ካውንተር ላይ ከፍሎ የሚያውቅ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልገውም።

ሦስተኛው የቢሮ ሰው ነው። ናይሮቢ ወርክሾፕ፣ ኪጋሊ ሥልጠና፣ ጄኔቭ ስብሰባ። ትኬቱን የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ ወይም ለጋሹ ነው፤ ማይሉ ግን በሰውዬው ስም ይገባል። ብዙው አበሉን አስልቶ ሲጨርስ ስለሚደክመው ማይሉን ይረሳዋል። ያልረሳው ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ ባለቤቱን በነጥብ ድሬዳዋ ወስዶ ያዝናናል። በመሥሪያ ቤት ትኬት የተገኘ ማይልን ለግል መጠቀም ግን በሁሉም አገር ቀላል ጉዳይ ሆኖ አያልፍም። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 ፖለቲከኞች በመንግሥት ጉዞ ያገኙትን የሉፍታንዛ ማይል ለግል ሽርሽር ተጠቅመዋል ተብሎ ትልቅ ጩኸት ተነሳ፤ የበርሊን የኢኮኖሚ ኃላፊ የነበሩት ግሬጎር ጊዚ በዚሁ ምክንያት ሥልጣናቸውን ለቀቁ። እኛ ዘንድ ጩኸት የሚያስነሳው የአበሉ መዘግየት ነው።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። የብር ምንዛሪ ለገበያ በተለቀቀበት በዚያ ሰኞ ዋዜማ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ሳምንታት ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። የውጭ በረራ ዋጋ ከዶላር ጋር የተሳሰረ ስለሆነ በብር የሚከፍለው መንገደኛ ትኬቱን ሲያይ ዓይኑን ማሸት ጀመረ። በዚያ ሰሞን ባንክ ውስጥ ያለ ብር ሲሟሟ አካውንት ውስጥ የተኛ ማይል ግን ባለበት ቆየ፤ 10 ሺህ ማይል ምንዛሪ ተለቀቀ ተብሎ 5 ሺህ አልሆነም። ማይል ያለው ሰው ሳያስበው ከምንዛሪ ንፋስ የተጠለለ ሀብት ነበረው ማለት ነው። በዚህ ተደስቶ ለልጅ ልጅ ላቆየው የሚል ካለ ግን የሦስት ዓመቱን ገደብ ያስታውስ። ማይል የሚከማች ሀብት አይደለም፤ በጊዜው የሚበላ ነው።

ነጥብ የሕፃን ጨዋታ የሚመስለው ካለ ደግሞ የዩናይትድን ነገር ይስማ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና አውሮፕላኖቹን መሬት ላይ ሲያስቀምጣቸው ኩባንያው የነጥብ ፕሮግራሙን መያዣ አድርጎ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ። አበዳሪዎቹ ያመኑት ሰው ነጥብ ማሳደዱን እንደማይተው ነው። አልተሳሳቱም።

እንግዲህ በጠባብ ኪስ ማይል የሚሰበስብ ሰው ምን ያድርግ? ከሁሉ በፊት ከመብረሩ አስቀድሞ ይመዝገብ፤ ነጻ ነውና። ስሙ ፓስፖርቱ ላይ በተጻፈው ፊደል ይሁን። ቁጥሩ ትኬቱ ሲቆረጥ ይግባ፤ ካልገባ ቼክ ኢን ላይ ይነገር። ቦርዲንግ ፓሱ ማይሉ አካውንት ውስጥ እስኪታይ አይጣል፣ ሚጥሚጣም አይለጠፍበት። ሁለት ትኬት ዋጋቸው ሲቀራረብ ብቻ በየትኛው ስንት ማይል ይቆጠራል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የዋጋው ልዩነት ከሰፋ ርካሹ ይገዛ፤ ለነጥብ ተብሎ ውድ ትኬት መግዛት ኪሳራ ነው። ማይሉ ጥቅም ላይ ሲውልም ለጠባብ ኪስ የሚስማማው የአገር ውስጥ በረራ ወይም የትርፍ ሻንጣ ክፍያ ነው። በአንድ ጊዜ ቢዝነስ ክላስ ልግባ ብሎ ዓመታት የጠበቀ ብዙ ሰው ማይሉ መቃጠሉን የሰማው ከኢሜይል ነው። ዋሽንግተን ደርሶ መልስ በነጥብ ለመሄድ የሚበቃ ማይል በሁለት የቅናሽ ትኬት አይሰበሰብም፤ ላሊበላ ወይም ጎንደር ግን ሩቅ ሕልም አይደለም።

ቤተሰብ ውስጥ ሥራው ቢከፋፈል ደግሞ መልካም ነው። እናት ይብረሩ፣ ሻንጣውን ያስቡበት፣ የልጅ ልጃቸውን ይሳሙ። የይለፍ ቃሉን፣ ቁጥሩንና የሚቃጠልበትን ቀን ልጅ ይያዝ። እናቱ ወይም አክስቱ ባለፉት ሦስት ዓመታት ቨርጂኒያ፣ ቶሮንቶ ወይም ስቶክሆልም ደርሰው የመጡለት አንባቢ ይህን አንብቦ ሲጨርስ ስልካቸውን ተቀብሎ አካውንቱን ይክፈተው። ምናልባት መስቀልን ጎንደር የሚያደርስ ማይል ተኝቶ ይሆናል፤ ካለ ከመስከረም በፊት ወንበር ይያዝላቸው።